በስሕተት የተቀበልኩት ጽዋ

ወደ ታች ጋይንት ስመደብ የሚያውቁኝ ሰዎች ሁሉ ስለ መንገዱና ስለ ብርዱ አስጠነቀቁኝ። ወፍራም ጃኬት ያዝ አሉኝ፣ ያዝኩ። የእግር መንገድ የሚችል ጫማ ግዛ አሉኝ፣ ገዛሁ። ሰው የዘረጋልህን ነገር ሁሉ ተነሥተህ አትቀበል ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። ያን አንዱን ነገር ቢነግሩኝ ኖሮ ይህን ጊዜ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ዓሣ እየበላሁ ነበር፤ እናንተም ይህን ታሪክ ባላነበባችሁ።

ስሜ ዮናስ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ሲሆን ሥራዬ የከብት ሕክምና ነው። የምነግራችሁ ነገር ሲደርስብኝ ገና ሠላሳ ያልሞላኝ፣ ሚስት የሌለኝ፣ ከአርብ ገበያ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ቀበሌ ውስጥ በእንስሳት ጤና ኬላ ብቻዬን የምሠራ ሰው ነበርኩ። የአካባቢው ገበሬዎች «ሐኪሙ» ይሉኛል። ላማቸው ስትታመም ያከብሩኛል፤ ላሟ ስትድን ደግሞ ድሮም ልትድን ነበር ይላሉ። በዚህ አንጣላም ነበር። ከሥራ በኋላ ወደ ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ስልኬን እጎረጉራለሁ። ልቤ ከዚያ አልነበረም። ባሕር ዳር ያለው ጓደኛዬ ደግሞ ሥራ እየፈለገልኝ ስለነበር፣ ዛሬ ወይም ነገ እሄዳለሁ እያልኩ አንድ ፍራሽና አንድ የፕላስቲክ ወንበር ብቻ ይዤ ሁለት ክረምት አሳለፍኩ።

የተከራየሁት የአያ ታከለን ማእዘን ክፍል ነበር። አያ ታከለ ስድሳውን ያለፉ፣ ቁመታቸው አጭር፣ ምላሳቸው ረጅም የሆነ ገበሬ ናቸው። ክፍሏ ቀድሞ ሱቅ ስለነበረች ሁለት በር አላት፤ አንዱ ወደ መንገዱ ይከፈታል፣ ሌላው ወደ እሳቸው ግቢ። አያ ታከለ በሠርግ፣ በደቦ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ግጥም እየፈጠሩ ሰውን የሚነካኩ ሰው ናቸው። እኔንም ከመጣሁ ጀምሮ አልማሩኝም። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ ደግሞ ባላቸው ሲናገሩ ጣራ ጣራውን እያዩ የሚያልፉ፣ እኔ ግን መብላት አለመብላቴን ጭሱን አይተው የሚያውቁ ሴት ናቸው።

አያ ታከለ የሚካኤል ማኅበርተኛ ነበሩ። ማኅበርተኞቹ በወር በወሩ፣ በዐሥራ ሁለት ቀን፣ በተራ በአንዱ ቤት ይሰበሰባሉ። ቄሱ ይጸልያሉ፣ ዳቦ ይቆረሳል፣ ጠላ ከአንድ ጽዋ ይጠጣል። ሲያልቅ ጽዋው ለቀጣዩ ባለ ተራ ይሰጥና ሰውየው ተሸክሞት ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ የሚመጣው ወር ድግስ የእሱ ነው። ይህን ሁሉ አሁን አውቄ ነው የምጽፈው። ያን ጊዜ የማውቀው በየወሩ በዐሥራ ሁለት አያ ታከለ ነጭ ለብሰው እንደሚወጡና ደስ ብሏቸው እንደሚመለሱ ብቻ ነበር።

የጥቅምት ሚካኤል ዕለት አያ ታከለ ጉልበታቸውን አሟቸው ነበር። የወሩ ባለ ተራ ቤት ከወንዙ ማዶ ነው። አንድ ጀሪካን ጠላ ለእርዳታ መወሰድ ስለነበረበት እባክህ ይዘህልኝ ሂድ፣ እኔ በምርኩዜ እከተልሃለሁ አሉኝ። ከብት የማይመጣበት ቀን ስለነበር እሺ አልኩ። ስንደርስ አስቀምጬ ልመለስ ስል የቤቱ ሴቶች ያልበላ ሰው ከዚህ ቤት አይወጣም ብለው በሩ አጠገብ አስቀመጡኝ።

የማኅበሩ አባት አባ ወልዴ ይባላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ዝም ሲሉ ግን ሁሉም የሚሰማቸው ሽማግሌ ቄስ ናቸው። ጸሎቱ አለቀ፣ ዳቦው ተቆረሰ፣ ጠላው ዞረ። ከዚያ አባ ወልዴ ተነሡና በነጭ ጨርቅ የተሸፈነውን የሸክላ ጽዋ በሁለት እጃቸው ይዘው በግእዝ መናገር ጀመሩ። ንግግሩ ረዘመ። ጽዋው ዝቅ ዝቅ ሲል አየሁ። ከዚያ ጽዋውን ወደ ፊት ዘረጉ፤ ወደ እኔ አቅጣጫ። የሚነሣ ሰው የለም። ሁሉም መሬት መሬቱን ያያል። ሽማግሌው እስኪጨርሱ የሚይዝላቸው ሰው ያጡ መሰለኝና ብድግ ብዬ ተቀበልኳቸው።

ሴቶቹ እልል አሉ።

እኔም እንግዳ ሰው ሽማግሌ ሲረዳ እልል የሚባልበት ደግ አገር ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኩ። ፈገግ አልኩ። ቀና ብዬ ሳይ ግን ከወንዶቹ አንዱም ፈገግ አላለም። አያ ታከለ ጠላው ትን ብሏቸው ያስላሉ። አባ ወልዴ እጃቸውን አጣጥፈው ወደ መቀመጫቸው ተመልሰዋል። ጽዋውን ልመልስላቸው ሁለት እርምጃ ስሄድ አጠገባቸው ያለ ሰው እንዳትሞክረው በሚል ዐይን አየኝ።

ሙሴ የሚሉት የማኅበሩ መሪ አያ ካሴ ነበሩ። ሥርዓት በትንሹ ሲዛነፍ ሆዳቸውን የሚያማቸው ሰው ናቸው። ይህ ልጅ ማኅበርተኛ አይደለም፣ ሚስት የለው፣ ጠማቂ የለው፣ ደግሞ የሚመጣው የኅዳር ሚካኤል ነው፣ የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው አሉ። ያኔ ነው የያዝኩት ምን እንደሆነ የገባኝ። ይቅርታ፣ አላወቅሁም፣ ልይዝላቸው ብዬ ነው የተነሣሁት ብዬ ተናገርኩ። አንዱ አላወቀም ይቅር አለ። ሌላው ሚካኤል አውቆ ነው አለ። ከመሐሉ ምሰሶ እስከ በሩ ያለው ሰው ሁለት ተከፍሎ በእኔ ላይ ተከራከረ፤ እኔ መሐል ቆሜ ጽዋ ታቅፌ። በመጨረሻ ሁሉም ወደ አባ ወልዴ ዞረ።

«ከእጄ የወጣ ጽዋ ነው» አሉ አባ ወልዴ ቀስ ብለው። «ከእሱ እጅ ወደ እኔ የሚመለስበት ሥርዓት አላነበብኩም። ያነበበ ካለ ይንገረኝ።»

ያነበበ አልነበረም። ሴቶቹ እንደገና እልል አሉ።

በእልልታና በዝማሬ አጅበው ወደ ቤቴ ወሰዱኝ። በወንዙ ላይ ድንጋይ እየረገጥኩ ስሻገር ከኋላዬ ያሉት ሐኪሙ፣ እንደ ጥጃ አትጎትተው፣ ቀስ በል ይሉኛል። ቤቴ ስንደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊገቡ ሞከሩና ፍራሼን፣ ወንበሬንና ያልታጠበ ሳህኔን አይተው በሩ ላይ ቆሙ። እትዬ ጥሩነሽ ከቤታቸው አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ አምጥተው፣ ንጹሕ ነጠላ አልብሰው፣ ጽዋውን በላይዋ አስቀመጡት። ከዚያ ሳህኑን አንሥተው ወጡ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ብቻዬን መኖር ቀረ። በመንገድ የሚያልፉ ሰዎች በሬ ላይ ቆመው ይሳለማሉ። አትለየን ይላሉ። መጀመሪያ ለእኔ መስሎኝ አሜን እል ነበር፤ ወደ ውስጥ አንገታቸውን ሲያሰግጉ ጊዜ ለማን እንደሆነ ገባኝ። ጽዋ ያለበት ክፍል ውስጥ ካልሲ መጣል አሳፈረኝ። ግድግዳውን ለቀለቅሁ። በጊዜ መግባት ጀመርኩ። አያ ታከለ በየማለዳው በግቢው በር ብቅ ይሉና ሚካኤል ካንተ ጋር ክፍል ተጋርቶ እንዴት አደረ፣ ታንኮራፋበታለህ እያሉ ይጠይቁኛል።

በዚያው ሰሞን ነው የማኅበሩን ቁስል የሰማሁት። ጥቅምት ላይ ጽዋውን መቀበል የነበረባቸው አያ ምስጋናው የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ለካ ያን ቀን አልመጡም። የማይመጡት ደግሞ ከአያ ታከለ ጋር ስለተኳረፉ ነው። የተኳረፈ ሰው ከአንድ ጽዋ አይጠጣም። ስለዚህ ሁለቱ ሳይነጋገሩ ተግባብተው፣ አንድ ወር አንዱ ሲመጣ ሌላው ሆዴን አመመኝ እያለ ይቀራል። ዓመት ሊሞላቸው ነው። ልጅነታቸውን አብረው የጨረሱ፣ በሬ አቀናጅተው ያረሱ ሰዎች ናቸው።

የተጣሉት በጠላ ነው። አያ ምስጋናው ልጃቸውን ሲድሩ አያ ታከለ መሐል ገብተው እንዲህ ብለው ገጠሙ፦

ያያ ምስጋን ጠላ እንዴት ነው የጠራ፣
ባሻገር ያሳያል የማዶን ተራራ።

አያ ምስጋናው የዋህ ሰው ናቸው። ጠላዬ ተጣርቶ ጥሩ ሆኗል የተባሉ መሰላቸው። ደስ ብሏቸው አዲስ ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አያ ታከለን ሸለሙ። ሠርገኛው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ጠላው ቀጥኖ ውሃ ሆኗል ማለት እንደሆነ የነገሯቸው በማግስቱ ባለቤታቸው እትዬ የሺ ናቸው፤ ጠላውን የጠመቁትም እሳቸው ነበሩ። አያ ምስጋናው ስድቡን ይችሉት ነበር ይላሉ ሰዎቹ። ያልቻሉት ለስድቡ መሸለማቸውን ነው። አያ ታከለ ደግሞ ያንኑ ጋቢ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ይሳለማሉ።

ወሩ እየተገባደደ ሲሄድ የእኔ ጭንቀት ሌላ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ ጠላውን እኔ እጠምቅልሃለሁ ብለው ጌሾ መውቀጥ ከጀመሩ በኋላ ነው ከባሕር ዳር ስልክ የተደወለው። ጓደኛዬ ነው። አንድ የዶሮ እርባታ ድርጅት ሐኪም ይፈልጋል፣ ባለቤቱ ሊያይህ ይፈልጋል፣ ኅዳር ዐሥራ ሁለት ጠዋት ቢሮው ተገኝ አለኝ። ቀኑን ይቀይርልኝ አልኩት። ሰውየው የሚቀይር ዓይነት አይደለም አለ። ሁለት ክረምት የጠበቅሁት ነገር ነው። ሥርዓት ኖረም አልኖረም ጽዋውን ለአባ ወልዴ አስረክቤ፣ ይቅርታ ጠይቄ ልሄድ ቆረጥኩ። ቢቀየሙኝስ፣ ዳግመኛ አያዩኝ።

በዋዜማው ጠዋት፣ እትዬ ጥሩነሽ ውሃ ሊቀዱ ሲወጡ ጠብቄ፣ ቦርሳዬን በጀርባዬ፣ ጽዋውን በእጄ ይዤ በመንገዱ በር ወጣሁ። የአባ ወልዴ ቤት ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ነው። ለሌላ ቀን አጭር መንገድ ነበር። ያን ቀን ግን ያገኘኝ ሁሉ ያቆመኛል። እናቶች ጎንበስ ብለው ጨርቁን ይስማሉ። አጨዳ የሚሄዱ ወንዶች ማጭዳቸውን መሬት አስቀምጠው ቆባቸውን ያወልቃሉ። ለዋዜማ ሊያስባርከው ነው ብለው ይመርቁኛል፤ ልጅ ይስጥህ፣ እንጀራህን ያስፋው ይሉኛል። እኔ እየሸሸሁ ነው፤ እነሱ ይመርቁኛል። አሜን እያልኩ ጆሮዬ ጋለ።

ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ባለው ዳገት ላይ አንድ ሰው አህያ እየነዳ ሲመጣ አየሁ። አህያዋ ትልቅ ገንቦና አንድ ሸክም ፍልጥ ጭናለች። አያ ምስጋናው ነበሩ። ጽዋውን ተሳለሙና ቀና ሲሉ ዐይናቸው ቦርሳዬ ላይ አረፈ። ከዚያ ገንቦውን እያሳዩኝ፣ ተራው የኛ ስለነበረ የሺ ብቅሉን አስቀድማ አዘጋጅታ ነበር፣ የላጤ ቤት ነው፣ ጠላ አይነሰው ብላ ጠመቀች፣ ወዳንተ ላደርሰው ነው አሉኝ። የቦርሳዬን ማንገቻ አጠበቅሁ።

«ልትሄድ ነው?» አሉኝ።

ሥራ እንዳገኘሁና ነገ ባሕር ዳር መገኘት እንዳለብኝ ነገርኳቸው። ጽዋውን ለአባ ላስረክብ እየሄድኩ ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጡም። የአህያዋን ጆሮ እያሻሹ ቆዩ።

«ካስረከብክ ጽዋው ተራዬ ነውና ወደ እኔ ይመጣል» አሉ። «ወደ እኔ ከመጣ ታከለ አይገባም። በኅዳር ሚካኤል አንድ ሰው ከቀረ ደግሞ ያ ማኅበር ከዚያ በኋላ ማኅበር አይባልም። አባቶቻችን ናቸው የጀመሩት።»

ለምን አይታረቁም ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰው ከሸሸ አይቀር ድፍረት ያገኛል መሰለኝ።

«እኔማ ከታረቅሁ ቆየሁ» አሉ አያ ምስጋናው። «የሚነግረው ሰው አጣሁ እንጂ።»

ታዲያ ራስዎ ለምን ገብተው አይነግሯቸውም አልኳቸው። ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ሆነ።

«በየት በር ልግባ?» አሉኝ።

ይህን ሲሉኝ ክፍሌ ትዝ አለችኝ። በመንገዱ በኩል የገባ ሰው የአያ ታከለን ደጅ አይረግጥም። በግቢው በኩል የገባም ከቤቱ አይወጣም። ሁለቱም የማንንም ደጅ ሳይለምኑ የሚገናኙባት ቤት በአገሩ ውስጥ ያቺ የእኔ ክፍል ብቻ ናት። የገረመኝ ይህን እስከዚያ ሰዓት አለማሰቤ ነው። ከዳገቱ በላይ የአባ ወልዴ ቤት ጣራ ይታያል። ከታች በኩል ደግሞ ወደ አርብ ገበያ የሚሄደው መኪና ጥሩንባ ተሰማ። ያ መኪና ካመለጠኝ ነገ ጠዋት ባሕር ዳር አልደርስም።

እንደ ጀግና አስቤ የወሰንኩ እንዳይመስላችሁ። ቆሜ ሳለሁ አህያዋ ራሷ ዞራ ወደ ቤቴ አቅጣጫ መንገድ ጀመረች፤ አያ ምስጋናውም ገንቦው እንዳይወድቅ ተከተሏት፤ የሚያግዛቸው ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ተከተልኳቸው። መኪናው ጥሩንባውን ሁለት ጊዜ ነፍቶ ሄደ።

ኔትወርክ ያለበት ጉብታ ላይ ስንደርስ ለጓደኛዬ ደወልኩለት። ነገ መምጣት አልችልም፣ ጽዋ ወስጃለሁ አልኩት። መስመሩ ይቆራረጣል። የምን ዋንጫ ነው የወሰድከው፣ ኳስ መጫወት ጀመርክ እንዴ አለኝ። ላስረዳው ሞከርኩ። አንድ የሸክላ ዕቃ ተሸክሜ ከማላውቃቸው ሽማግሌዎች ጋር ቀጠሮ ስላለኝ ሥራ ልተው መሆኑ ሲገባው፣ ዮናስ፣ ወባ ሳይዝህ አይቀርም፣ ተመርመር ብሎ ዘጋው።

በማግስቱ የሚካኤል ዕለት ነጋ። እትዬ ጥሩነሽ ገንቦአቸውን በግቢው በር በኩል አስገብተው ጥግ አስቀመጡ። የእትዬ የሺ ገንቦ በመንገዱ በር በኩል ባለው ጥግ ተቀምጧል። ሁለቱ ሴቶች ተሳሳሙ፤ ደኅና ነሽ፣ ደኅና ነኝ ተባባሉ፤ ከዚያ እያንዳንዳቸው በየገንቦአቸው አጠገብ ቆመው የሌላዋን ገንቦ ያላዩ መስለው ያዩታል።

ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኛው መጣ። አያ ምስጋናው በመንገዱ በር ገብተው በሩ ሥር ተቀመጡ፤ አንድ እግራቸው ውጭ ነው። አያ ታከለ ያን ጋቢ ለብሰው በግቢው በር ገቡና ደፉ ላይ ተቀመጡ። ሁለቱም ለመውጣት አመቺ ቦታ መርጠዋል። ነገር ግን ሰው እየገባ ሲሄድ ሁለቱንም ወደ መሐል ገፋቸው። ክፍሏ ለአንድ ላጤ የተሠራች ናት። ጉልበት ከጉልበት ሲጋጠም፣ ይቅርታ አሳልፈኝ ሲባባሉ፣ አባ ወልዴ ለጸሎት ሲነሡ ሁለቱ ሰዎች ጎን ለጎን ሆነው ተገኙ። በመካከላቸው ሰው ቀርቶ ምርኩዝ የሚገባበት ቦታ አልነበረም።

ጸሎቱ አለቀ። ዳቦው ተባረከ። አባ ወልዴ ጽዋውን ከጠረጴዛዋ አንሥተው ለእኔ ሰጡኝና ሙላው አሉኝ።

ጽዋውን ይዤ ቆምኩ። ሁለት ገንቦ። ከእትዬ ጥሩነሽ ብቀዳ የአያ ምስጋናው ጠላ ዛሬም ቀጠነ ማለት ነው። ከእትዬ የሺ ብቀዳ ወር ሙሉ ሳህኔን ያጠቡትን ሴት በራሳቸው ግቢ አዋረድኩ ማለት ነው። አያ ካሴ እንኳ አገጫቸውን ያሻሉ። አንዲት ዝንብ በእኔና በሁለቱ ገንቦዎች መካከል ስትመላለስ ትዝ ይለኛል።

ሐኪም ስለሆንኩ መቀላቀል ለምጃለሁ። ከመንገዱ በር ገንቦ ግማሽ ቀዳሁ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ሳበ። ዞሬ ከግቢው በር ገንቦ ቀሪውን ሞላሁና በሁለት እጄ ለአባ ወልዴ አቀረብኩ።

አያ ካሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አባ፣ ሁለት ጠላ በአንድ ጽዋ አለ ወይ?»

አባ ወልዴ ባርከው ጎንጨት አሉ። ዐይናቸውን ጨፍነው አጣጣሙት። «አንድ ነው» አሉ። «ሁለት ከሆነ ለዩልኝ።»

ጽዋው ዞረ። የቀመሰ ሁሉ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ይሞክራል፣ ራሱን ነቅንቆ ለቀጣዩ ያቀብላል። አያ ታከለ ዘንድ ደረሰ። ከእሳቸው ቀጥሎ አያ ምስጋናው ናቸው። አያ ታከለ ጽዋውን ይዘው ወደ ውስጥ ማየት ጀመሩ። ዐይናቸውን አላነሡም። ያ ሁሉ ግጥም የሚወጣበት አፍ ተዘጋ። ጊዜው ሲረዝም አባ ወልዴ እንኳ መቁጠሪያቸውን ማንቀሳቀስ አቆሙ። ተነሥተው ቢወጡስ ብዬ የግቢውን በር አየሁ።

«ታከለ» አሉ አያ ምስጋናው ወደ ፊት ለፊት እያዩ። «ጠጥተህ አቀብለኝ እንጂ። ተራራው ጠፋብህ እንዴ?»

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ግን ከንፈሩን ነከሰ። አያ ታከለ ጠጡ። ጢማቸውን በጋቢው ጠርገው፣ በጸሎት ቦታ መግጠም ነውር ስለሆነ አባ ወልዴን በዐይናቸው ይቅርታ ጠይቀው፣ ከሹክሹክታ ከፍ ባለ ድምፅ እንዲህ አሉ፦

ጠላው መች ቀጠነ ያየሁት ተራራ፣
የራሴ ሆድ ነበር በጠላ የኮራ።

መጀመሪያ የሳቁት እትዬ የሺ ናቸው። ከዚያ ክፍሏ ተናወጠች። አያ ምስጋናው ጽዋውን ከአያ ታከለ እጅ ተቀበሉ፤ ጠጡ፤ ከዚያ በዚህኛው አልሸልምህም፣ ጋቢዬን መልስልኝ አሏቸው። አያ ታከለ ዓመት የተለበሰ ጋቢ ምን ያደርግልሃል አሉ። ሁለቱም ዐይናቸው እርጥብ ነበር። በጭሱ ነው ተባባሉ፤ በዚያ ክፍል ውስጥ እሳት አልነበረም።

ሲመሽ ሳይሆን ገና ፀሐይ ሳለ ጽዋው ለአያ ምስጋናው ተሰጠ። ተነሥተው ሲወጡ አያ ታከለ ጉልበቴን ያመኛል ሳይሉ አብረዋቸው ተነሡ። በዝማሬው ውስጥ የሁለቱን ድምፅ እየለየሁ በሬ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አባ ወልዴ የመጨረሻው ሰው ሆነው ሲወጡ ያስጨነቀኝን ጠየቅኋቸው። ያን ዕለት ጽዋውን ወደ እኔ የዘረጉት አውቀው ነው ወይ አልኳቸው።

«እኔ ዘረጋሁ» አሉ አባ ወልዴ ምርኩዛቸውን እየፈለጉ። «ረጅም እጅ ያለህ አንተ ነህ።»

ይህ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል። የዶሮ እርባታውን ሥራ ሌላ ሰው ያዘው። ደሞዙ ጥሩ እንደሆነ ጓደኛዬ አልፎ አልፎ ያስታውሰኛል። እኔ ግን በዚያው ኬላ አለሁ። ማኅበርተኛ ሆኛለሁ፤ ተራዬ ሲደርስ ሁለት ገንቦ ይመጣልኛል፤ መቀላቀሉም ሥርዓት ሆኖ አያ ካሴ ራሳቸው በቀደም ዕለት አንድ ልጅ ሳይቀላቅል ቢቀዳ ተቆጡት።

ምን ተለወጠ ብላችሁ ብትጠይቁኝ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እናንተም እንደ እኔ ከቤታችሁ ርቃችሁ በተመደባችሁበት አገር ነገ እሄዳለሁ እያላችሁ ፍራሽና ወንበር ብቻ ይዛችሁ የምትኖሩ ትኖራላችሁ። አገሩ ይጠብቃል ብላችሁ ታስባላችሁ። እኔ ገበሬዎቹን የማውቅ ይመስለኝ ነበር፤ የማውቀው ግን ላሞቻቸውን ነበር። የእያንዳንዱን ጊደር ስም እያወቅሁ፣ ባለቤቷ ከጎረቤቱ ጋር ዓመት ሙሉ እንደማይነጋገር አላውቅም ነበር። የሰዎቹ ቀልድም ለእኔ ነገረኝነት ነበር የሚመስለኝ። አሁን ግን የሚነካኩት የራሳቸው ያደረጉትን ሰው ብቻ እንደሆነ አውቃለሁ። ስማችሁ በግጥም ሲነሣ አትቆጡ፤ ብቻ ትርጉሙን ሳታጣሩ ጋቢ አትሸልሙ።

ባለፈው ክረምት ታይፎይድ ያዘኝ። ወንዙ ሞልቶ፣ መንገዱ ጨቅይቶ፣ እኔ ፍራሼ ላይ እየቃዠሁ ነበር። በፊትም አንዴ እንዲሁ ታምሜ፣ ትኩሳቱ እስኪለቀኝ ድረስ በሬን የከፈተ ሰው አልነበረም፤ እኔም እንዲከፈት አልፈለግሁም። በዚህኛው ግን ዐይኔን ስገልጥ ሁልጊዜ ሰው አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሻል ሲለኝ በመጀመሪያ የሰማሁት የአያ ታከለንና የአያ ምስጋናውን ጭቅጭቅ ነው። አንዱ በቃሬዛ ተሸክመን አርብ ገበያ እናድርሰው ይላሉ። ሌላው ባጃጅ እስከ ወንዙ ይመጣል፣ ቃሬዛ ለሬሳ ነው ይላሉ። አንተ ዱሮም ችኩል ነህ፣ አንተ ዱሮም ዘገምተኛ ነህ ተባባሉ። ነቅቻለሁ፣ ደኅና ነኝ ልላቸው ፈለግሁ። ከዚያ ተውኩት። ዐይኔን መልሼ ጨፈንኩና ትንሽ ተጨማሪ አዳመጥኳቸው።